የባዶው ጋጥ ሳል

ሦስተኛው ጋጥ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አጥቤ በኖራ የቀባሁት እኔ፣ በሩን ከውጭ በሽቦ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ ድርቆሽ ታቅፌ በደጃፉ ሳልፍ ከውስጥ ሳል ሰማሁ። አጭር፣ ደረቅ፣ ሁለቴ ተከታትሎ የመጣ።

እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ፣ የዓለም ከተማ ልጅ። መንዝን የወደደ ይውደደው፤ እኔን ብርዱም ጭጋጉም አይስማማኝም፣ ጠዋት ከአልጋ የምወርደው ከራሴ ጋር ተጣልቼ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተናደድኩት በጆሮዬ ነው። ድርቆሹን አውርጄ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ልሄድ ዞር ስል እንደገና ሳለ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና ድርቆሹን እዚያው ትቼ ወደ ዶክተር ባድሩ ቢሮ ሄድኩ። ሮጥኩ ማለት ይቀላል፣ ምን አስዋሸኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ራቅ ያለ በድንጋይ የተሠራ ረጅም ቤት አለ። እዚያ አዲስ ክትባት በበጎች ላይ እንሞክራለን። ክትባቱ የበግ ሳንባ ለሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በግ ውስጥ ከገባ ግን መንጋውን ነው የሚጨርሰው። አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። ግማሾቹን በጎች እንከትባለን፣ ግማሾቹን እንተዋቸዋለን። ቆይተን ቫይረሱን ለሁሉም በአፍንጫቸው እንሰጣለን። ከዚያ ማን እንደሚስል ቁጭ ብለን እናያለን። ያልተከተቡት መታመማቸው ግድ ነው፤ እነሱ ካልታመሙ የተከተቡት ጤንነት ምንም አይነግረንም። እንዲታመሙ ተብለው የተገዙ በጎች ናቸው እንግዲህ። ሲብስባቸው ዶክተሩ በመርፌ ያሳርፋቸዋል። ጭንቅላታቸውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ጋጥ የእነሱ ነበር። ክትባቱ ሠራ። ይህን የሰማ ሁሉ እሰይ ይላል፣ እኔም ብያለሁ። አንደኛውና ሁለተኛው ጋጥ ያሉት የተከተቡት በጎች ድርቆሻቸውን እየጠገቡ እርስ በርስ ይዋጋሉ። ሦስተኛው ጋጥ ግን መጀመሪያ በሳል ተሞላ፣ ከዚያ እየሳሳ እየሳሳ ሄደና ዝም አለ። በግ ሲሞት አይጮህም። የያዘውን ሰው ዝም ብሎ ያየዋል። የመጨረሻው አንድ ትልቅ ቡናማ አውራ ነበር፤ ጠጉሩ ከመርዘሙ የተነሳ ጣቶቼ ውስጡ ጠፍተው ነበር። እሱን ከያዝኩ በኋላ እራት አልበላሁም።

ዶክተር ባድሩ ከመንዝ ቁልቁለት በታች ካለች ከተማ፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የወጣ ሰው ነው። አባቱ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሱም ስለ ሕግ ሲያወራ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ነው፣ አንዲት ጣት አያስተርፍም። የዚያን ጠዋት ግን የቢሮውን በር ሳይዘጋ ተከትሎኝ መጣ። ጋጡ ደጃፍ ላይ ቆምን። ሳለ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ንፋስ ነው» አለ።

«ንፋስ ሳንባ አለው እንዴ?»

«ክዳኑ ሥር ክፍተት አለ። በዚያ ሲገባ ነው።»

ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እየቀራ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ የሰው ጸሎት የሰው ነው። ሽቦውን ፈትተን ገባን። ነጭ ግድግዳ፣ የታጠበ ወለል፣ ከግድግዳው ግርጌ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ፣ ሌላ ምንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክተሩ ወደ ሁለተኛው ጋጥ ሲሄድ ሕንፃውን በውጭ ዞሮ ነበር የሚሄደው። «ንፋሱን ፈርተህ ነው?» ስለው ይስቃል።

ግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ የሚኖሩት ጋሽ ወዳጆና ባለቤታቸው እትዬ ማናለብሽ ናቸው። ጋሽ ወዳጆ ዘበኛ ናቸው፤ የሞቱትን በጎች ከነጠጉራቸው ጉድጓድ ውስጥ በናፍጣ የማቃጠሉም ሥራ የእሳቸው ነው። ቤታቸው ከጋጦቹ ጀርባ የተለጠፈች ሁለት ክፍል ናት። እዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ በግ እንዳይኖረው፣ በግ ያለበት ቤትም እንዳይገባ ይፈርማል፤ ቫይረሱ በልብሳችንና በእጃችን ወጥቶ የአገሩን መንጋ እንዳይፈጅ ነው። ነጭ ቱታና ጭምብል የምንለብሰውም፣ ስንወጣ የምንታጠበውም ለዚሁ ነው። ባልና ሚስቱ ሲቀጠሩ በጎቻችንን ሞላሌ ገበያ ሸጠን ጨርሰናል አሉ። «በግ የሌለው መንዜ ገና ዛሬ አየሁ» ብዬ ቀልጄባቸው ነበር። ጋሽ ወዳጆ ሳቁ። እትዬ ማናለብሽ አልሳቁም።

ለነገሩ እትዬ ማናለብሽ ለእኛ ስቀው አያውቁም። ነጩን ቱታ ለብሰን በደጃቸው ስናልፍ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እስክናልፍ እንደዚያ ናቸው። እኔ ደግሞ ኩራት ይመስለኝና ሆን ብዬ ጮክ ብዬ «እንዴት ዋሉ!» እላቸው ነበር። ለግድግዳው ነው የሚመልሱት።

ሳሉ አልቆመም። ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲወርድ ይመጣል። አንዳንዴ የተከተቡት በጎች መብላት አቁመው ጆሯቸውን ወደዚያ ያቆማሉ። እኔ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንን ቡናማ አውራ ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ሥራ ሃያ ዓመት የሠራሁ ሴት፣ በግ ሞቶ ይስላል ብዬ ማመን! ግን አመንኩ። ፈራሁ ከማለት አመንኩ ማለት ያሳፍራል፣ ሁለቱም ግን እውነት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወዳጆን ከአመዱ ጉድጓድ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሽ ወዳጆ፣ እርስዎም ይሰማዎታል አይደል?»

«ምኑ?»

«ምኑ አይበሉኝ። ሳሉ ነዋ!»

አመዱን በዱላቸው ቆሰቆሱ።

«ልጄ ነው» አሉ።

ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። ቅጣው ይባላል፣ አንድ ነበር። አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ያ የሰው ሳል፣ ወረርሽኙ፣ ሲገባ ታመመ። ማግለያ አስገቡት። በስልክ ሲያወራቸው ይስል ነበር። «እማዬ እንዳትመጪ፣ አያስገቡሽም» አለ። በሌላ ቀን ሲደውሉ ስልኩን ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ቀበሩት ተባሉ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አልሄዱም፤ ከተከፈተ በኋላም ይህ ነው ብሎ መቃብሩን ያሳያቸው ሰው የለም።

«ቤቱ ሳይደርስ ነው የቀረ» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «አሁን ደረሰ መሰለኝ። ተዪው ልጄ፣ አትንኪው። ይሳል።»

እንባዬ መጣ። ነጭ ቱታችንን ሲያዩ እትዬ ማናለብሽ ለምን ወደ ግድግዳ እንደሚዞሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸቴም አፈርኩ። ለዶክተር ባድሩ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «አላህ ይዘንለት» አለ። ንፋስ ነው አላለም። ከዚያ በኋላ ሕንፃውን በውጭ መዞር ተወ፤ በጋጡ ደጃፍ ሲያልፍ እርምጃውን ቀስ ያደርጋል፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት እንደሚያልፍ።

እኔ ደግሞ ሰላምታ ጀመርኩ። ማንም ይሳቅብኝ። ጠዋት ድርቆሽ ታቅፌ ስደርስ «እንዴት አደርክ ቅጣው» እላለሁ። ሳል ይመልስልኛል። አንድ ሁለት ቀን ብርድ ስለነበር «ዛሬስ ባሰብህ» ብዬዋለሁ። የማላውቀውን የሰው ልጅ፣ ሞቶ የተቀበረውን፣ ሳሉ ሲበዛ እጨነቅለት ነበር።

እውነትም እየባሰበት ሄደ። ሳሉ ረጠበ። ከሁለት አልፎ እየተጎተተ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ በጭንቀት እያዳመጥኩ ሳለሁ፣ ከሳሉ በኋላ ሌላ ድምፅ ተከተለ። አፍንጫን እፍ ብሎ የማጽዳት ድምፅ፣ ከዚያም በጥርስ የማላመጥ።

ቆም አልኩ። ሙት ንፍጥ አለው እንዴ? ሙት ያመነዥካል?

ሽቦውን እንዴት እንደፈታሁት አላስታውስም። ገብቼ አጠብኩት ባልኩት ወለል ላይ በሆዴ ተኛሁና ጆሮዬን ውሃ መውረጃው ቀዳዳ ላይ አደረግኩ። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ አለ። በችግር የሚገባ፣ በችግር የሚወጣ። ሽታም ነበር፤ ይህን ሽታ በሕልሜም ቢሆን እለየዋለሁ። የታመመ በግ ሽታ ነው። ቀዳዳው የሚወጣው ደግሞ ጋሽ ወዳጆ ጓዳ ውስጥ፣ በግድግዳው ሥር ወደ ደጅ በሚሄደው ቦይ ላይ ነው።

እዚያው ተነስቼ ተቀመጥኩና ከንዴቴ የተነሳ ወለሉን በቡጢ መታሁት። ለበግ እንዴት አደርክ ስል ከርሜያለሁ! ለበግ አልቅሻለሁ! ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳል ያዳመጠ ጆሮ ይዤ፣ የበግ ሳል ሰምቼ፣ ሙት ነው ስባል አሜን ማለቴ። በግቢው ውስጥ በሕይወት ያለ በግ እየሳለ መሆኑን ማሰብ ለሦስታችንም ከሙት መንፈስ ይልቅ ከብዶን ነበር።

ታጥቤ ንጹሕ ቱታ ለበስኩ፤ የታመመ በግ ያለበት ቤት በሌላ ልብስ አይገባም። ዞሬ ጋሽ ወዳጆ ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ ፈረስ ቆሟል፣ ተጭኗል። እትዬ ማናለብሽ ነጠላቸውን አገልድመው ገመድ እያጠበቁ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ጓሳ ዳር። እህቴ ዘንድ።»

«ማንን ይዘው?»

ገመዱን ማጥበቅ ቀጠሉ። አልፌያቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። በጓ ተኝታለች። ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት በግ። አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ በአፏ ትተነፍሳለች። በላይዋ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ደርበውላታል፣ ብርድ እንዳያገኛት። ከሥሯ የተነጠፈላትን ስመለከት ግን ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ቡናማ ጠጉር ነበር፣ ረጅም፣ ግማሹ ተነድፎ ግማሹ ገና ያልተነካ። የማን እንደሆነ ጣቶቼ ከዓይኔ ቀድመው አወቁ። አመድ መሆን የነበረበት ጠጉር ነው።

«ይህ ከየት መጣ?»

ከኋላዬ ጋሽ ወዳጆ ገብተው ነበር። ዱላቸውን ጥለው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጠጉር እንዴት ይቃጠላል?» አሉ። «አንቺው ንገሪኝ እስቲ። ሥጋውን አቃጥል አላችሁኝ፣ አቃጠልኩ። እንዲያ ያለ ጠጉር ግን እጄ እምቢ አለ። አባቴ ባና ሠሪ፣ እኔ ባና ሠሪ። ቆርጬ አመጣሁላት፣ ትፍተለው ብዬ። በበጎቹ ሥጋ ነው እንጂ በጠጉር በሽታ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«በጓስ?»

«እሷ የቅጣው ናት። በመጀመሪያ ደሞዙ ግልገል ሳለች የገዛላት ለእናቱ። ለሙት ዓመቱ እንኳ አላረድናትም። ሌሎቹን ሸጥን፣ ይህችን መሸጥ አቃተን።»

«ታዲያ ሳሉን ልጄ ነው አሉኝ!»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ምን ልበልሽ? እንዳትፈልጊ ብዬ ነው። በልጄ ዋሸሁ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፤ ካልኩት በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

እትዬ ማናለብሽ ከደጅ ገቡ። ይህን አላወቁም ነበር።

«ምን ብለህ ነው የዋሸህ?» አሉ። «ቅጣው ነው የሚስለው አልካቸው?»

ጋሽ ወዳጆ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ማናለብሽ ባላቸውን አዩዋቸው። የሚሰድቧቸው መስሎኝ ነበር።

«እኔም ከእንቅልፌ ስባንን እሱ እየመሰለኝ መልስ እሰጥ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ዋሸህ፣ እኔ ግን እውነት መስሎኝ ነበር።»

ዶክተር ባድሩን ጠራሁት። እሱም ቱታውን ለብሶ መጣ። በጓ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ አየ፤ ቀዳዳውን አየ። ፊቱ በጭምብሉ ውስጥ እንኳ ሲለወጥ ታወቀኝ። ያ ቀዳዳ ይደፈን ተብሎ ነበር፤ ክረምት ውሃ ይተኛብናል፣ ቆይተን እንደፍነዋለን ብሎ ክፍት ያስቀረው እሱ ነው።

«በጠጉሩ ይሁን በዚህ ቀዳዳ አላውቅም» አለ። «እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔም ሊሆን ይችላል።»

እንዲህ ብሎ የሚናገር አለቃ አይቼ አላውቅም። እትዬ ማናለብሽ ግን የእሱን ጥፋት አልፈለጉትም።

«ደጅ አላወጣኋትም» አሉ። «ሣሩን አጭጄ እዚሁ ነው የማበላት። ማንም በግ አላገኛትም። እህቴ ዘንድ ጠበል አለ፣ አየሩም ንጹሕ ነው። ልውሰዳት።»

«ጓሳ ላይ ስንት መንጋ እንዳለ ያውቃሉ። እሷ አንድ ጊዜ እዚያ ከሳለች የእህትዎ በጎች ይታመማሉ፣ ከዚያ የጎረቤታቸው። ማቆሚያ የለውም።»

«እንግዲያ ክተቧት! ክትባት አላችሁ አይደል?»

«ከታመመች በኋላ አይሠራም እናቴ። ክትባት የሚጠቅመው ሳይታመሙ ነው።»

እትዬ ማናለብሽ ወደ ቀዳዳው ተመለከቱ። ሲያስቡ ይታያል።

«ክትባቱ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«በጤናዋ ጊዜም እዚያው ነበር?»

ዶክተር ባድሩ «ነበር» አለ፤ ድምፁ በጭምብሉ ውስጥ ተዋጠ።

አንድ ክንድ ግድግዳ ነው። በጓን የደበቁት ሥራቸውን እንዳያጡ ነው፣ በጓን ያሳጣቸውም መደበቃቸው ነው። ቢናገሩ ኖሮ ግን ምን እንላቸው ነበር? ሽጡ ወይም ውጡ ነበር የምንላቸው፤ በጓ ግን ከሦስተኛው ጋጥ በጎች እንደ አንዷ ሆና ቁጭ አለች። ያልተከተበች። ይህን ሳስብ በሁሉም ላይ የነበረኝ ንዴት ጠፋና ሐዘን ብቻ ቀረኝ።

በጓ ለመሳል ሞከረች፣ አልቻለችም። አፏ አረፋ ሞልቷል። ዓይኗ ከእትዬ ማናለብሽ ላይ አልተነቀለም።

«ፈረስ ላይም አትደርስም» አልኳቸው። «እትዬ፣ መንገድ ላይ ነው የምትሞተው። ታፍና።»

ይህን ስል ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ታፍና የሚለውን ቃል መምረጥ አልነበረብኝም፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

«እሺ» አሉ። «ግን ይህን ነጭ ነገር አውልቁ።»

ዶክተር ባድሩ አየኝ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ቱታችንን ካወለቅን ልብሳችን ይቃጠላል፣ የተከተቡትን በጎች ለብዙ ቀን አንቀርባቸውም፣ ሥራውን ሌላ ሰው ተጠርቶ ይሠራዋል፤ ምክንያቱንም ለበላይ ማስረዳት አለበት። አንዲት ጣት የማያስተርፈው ሰው ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ፣ ጭምብሉን ከአፉ ላይ አወረደ፣ ቱታውን ፈቶ ጥግ ላይ ጣለው። በሹራቡ ቀረ። እኔም አወለቅኩ። እትዬ ማናለብሽ መጀመሪያ የእሱን ፊት፣ ከዚያ የእኔን ፊት አዩ። ሥራ ላይ ሳለሁ ቀና ብለው ፊቴን ሲያዩኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

«ልጅ ነህ ለካ» አሉት ባድሩን።

ጭንቅላቷን ልይዝ ጎንበስ ስል እጄን መለሱት። ራሳቸው ያዟት። ባናውን እስከ አንገቷ ሳቡላት፣ ግንባሯን ነጩ ላይ ይዳብሷት ጀመር። ጋሽ ወዳጆ ከደጃፉ ተነስተው መጡና በስተኋላዋ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አደረጉ። እጄ ሥራ ፈታብኝ። የት እንደማደርገው ሳጣ እትዬ ማናለብሽ ትከሻ ላይ አሳረፍኩት።

ባድሩ መርፌውን አዘጋጀ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቢስሚላህ አለ፣ ግን ወዲያው አልወጋም፤ ጠበቃቸው።

«አረጋሽ» አሉኝ እትዬ ማናለብሽ፣ ዓይናቸውን ከበጓ ሳያነሱ።

«አቤት።»

«የኔን ልጅ እንዲህ የያዘው ሰው ነበር?»

እኔ እዚያ አልነበርኩም። ማግለያው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። በዚያ ዘመን ስንቱ ሰው ፊት ሳያይ፣ እጅ ሳይነካው እንደሞተ ግን አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ነበር» አልኩ።

«ፊቱን ገልጦ?»

«ፊቷን ገልጣ። ሴት ነበረች። እጁን ይዛው ነበር።»

እትዬ ማናለብሽ ቀና ብለው አዩኝ። እንዴት አወቅሽ አላሉኝም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ባድሩ መልሰው፣ «በል ልጄ» አሉት።